እትዬ ሱቅ የዘጉ ጊዜ

ጥር ፱ ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእትዬ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ መርፌ ሳይወጋዎ፣ ወገብዎን ሳይቆረጥምዎ፣ ደንበኛም ሳይነዘንዝዎ ያግኝዎ። እኔ የእህትዎ ልጅ በጣም ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ብቻ ነው። ጠዋት አጥበን ያሰጣነው ልብስ ማታም እንደረጠበ ነው። ጓደኛዬ ሬዲዮም ደህና ናት። ስሙን ያወጡላት እርስዎ ስለሆኑ ያውቋታል፤ ከመርከብ ከወረድን ጀምሮ አፏ አላረፈም። ከቋንቋቸው አንድ ቃል ሳትሰማ ከአውቶቡስ ሾፌር ጋር ትከራከራለች፣ እሱም ይመልስላታል። ምን እንደሚባባሉ እንኳን እኔ እነሱም አያውቁም።

ከወደቡ ወደዚህ የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጣነው በአውቶቡስ ነው። ረዳቱ ቦርሳችንን ከጀርባችን ነጥቆ ጣሪያ ላይ ወረወረና ከዶሮና ከሙዝ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ጣለ። ዝናብ ስልዎት የእኛን ዝናብ እንዳያስቡ፤ አንድ ሰው ላያችን ላይ ቆሞ በባልዲ የሚደፋብን ነው የሚመስለው። ስንደርስ የሌላው ተጓዥ ቦርሳ ሁሉ ውሃ ይተፋል። እርስዎ ከአሮጌ የድንኳን ሸራ የሰፉልን ቦርሳዎች ግን ውስጣቸው ደረቅ! ሬዲዮ እዚያው መንገድ ላይ ሸራውን ሳመችው። ቦርሳ አዝሎ አገር ላገር የሚዞር ወጣት እዚህ ሞልቷል፤ ከበው "ከየት ገዛችሁት?" ይሉናል። "አክስቴ ናቸው የሰፉት" ስል የሚያምነኝ የለም።

ታዲያ ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አንዷ ተጓዥ የቦርሳዋ ዚፕ ተበላሽቶባት ስታለቅስ አላስችል አለኝና ጠገንኩላት። በማግስቱ ሌላ መጣ። አሁን በማረፊያ ቤቱ በረንዳ ላይ ወረፋ ይዘው ይጠብቁኛል። ባለ ማረፊያዋ ሴትዮ ወንበር አወጣችልኝ። ሬዲዮ "አንቺ እኮ ሱቁን አዝለሽው ነው የመጣሽው" እያለች ትስቅብኛለች።

እትዬ፣ ቃልዎን እንዳይረሱ። ስንሰነባበት "እጄ ላይ ያለውን ሥራ ላስረክብና እመጣለሁ" ብለውኛል። እኔና ሬዲዮ የቆረጥንልዎት የመርከብ ትኬት ቀኑ ክፍት ነው፤ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያገለግላል። ከዚያ ካለፈ ወረቀት ነው። እድሜ ልክዎን ለመንገደኛ ልብስ ሲሰፉ ኖረው አንድም ቀን መንገድ ሳይወጡ መቅረትዎ ያንገበግበኛል። እኔ ከዚህ የምነቃነቀው ባሕሩን ከእርስዎ ጋር ካየሁ በኋላ ነው።

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ።
የእህትዎ ልጅ

ጥር ፳፮ ቀን

ለቁልፌ፤

የሄድሽበት ምድር ይልመድሽ፣ የምትጠጪው ውሃ ይስማማሽ፣ የምትተኚበት አልጋ ትኋን አይኑረው። እኔ አክስትሽ ደህና ነኝ። በሁለት ዓመትሽ የኮት ቁልፍ ውጠሽ መያዣ መጨበጫ ያሳጣሽኝ ጊዜ ይሄን ስም ካወጣሁልሽ ጀምሮ፣ እስካሁን ደህንነትሽን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደብዳቤሽን ለጎረቤታችን ለሰዓት ሠሪው አነበብኩለት። ሁለቴ አስደገመኝ። "ስለ ባሕሩ ምን አለች?" ይለኛል። ምን ልበለው? "ስለ ዚፕ ነው የጻፈችው" አልኩት። አንቺ ልጅ፣ ለዚፕ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርሽው? ዚፕ እዚህ ሞልቶልሻል፤ መሳቢያው አልዘጋ ብሎኛል! ሁለተኛ ስለ ዚፕ እንዳትጽፊልኝ።

ስለ መምጣቴ የጠየቅሽው፣ ሥራ መጣ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የማርሽ ባንድ አዲስ ዩኒፎርም አዘዘ። ቀይ ኮት ነው፤ ደረቱ ላይ ሁለት ረድፍ ወርቃማ ቁልፍ፣ እጅጌው ላይ ቁልፍ፣ ትከሻው ላይ ቁልፍ። ኮት አይደለም ያዘዙኝ፣ ቁልፍ ነው። የቁልፍ ቀዳዳ ደግሞ ከዚህ ሱቅ በማሽን ተሰፍቶ ወጥቶ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። በእጅ ነው፤ እሱም በእኔ ወይ በአንቺ እጅ። አንቺ የለሽም። እንግዲህ ቁጥሩን አስቢው።

ትልቁን ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬማ ሊገድለኝ ነው። ሊለካ በመጣ ቁጥር ሆዱ ይጨምራል። "ትንፋሽ ስቤ ስለሆነ ነው" ይላል። "እንግዲያው ሰልፉ ላይ ሳትተነፍስ ንፋ" አልኩት። ሳቀና ያያያዝኩት ስፌት ተተረተረ።

ባሕር ድምፅ አለው ይባላል፤ እውነት ነው? ሰው ሲተኛም አያርፍም? ዳሩ ላይ ቆመሽ ስታዪው ማዶው ይታያል ወይስ ዝም ብሎ ውሃ ነው? የጠየቅኩሽ ለሰዓት ሠሪው ነው፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ያደርቀኛል።

ሬዲዮን ሳሚልኝ። ባርኔጣ ታድርግ፤ ጸሐይ እንዳይመታት።
አክስትሽ

የካቲት ፲፪ ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

እጅዎ ይባረክ፣ ዓይንዎ ይብራ፣ የባንዱም ሰውዬ ሆድ ባለበት ይርጋልዎ። ደብዳቤዎን በረንዳው ላይ ጮክ ብዬ ሳነብ ሬዲዮ ከተንጠለጠለው አልጋዋ ላይ በሳቅ ወደቀች። ምንም አልሆነችም።

ለሰዓት ሠሪው እንዲህ ይበሉልኝ። ባሕሩ ድምፅ አለው፤ አያርፍም። እርስዎ ረጅም መጋረጃ ሲሰፉ መኪናዎ እንደሚያደርገው ነው፤ ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይሮጣል። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ነሳኝ፤ አሁን ከመንደሩ ስንርቅ የሚነሳኝ ዝምታው ነው። ማዶ የለውም። ጠዋት አረንጓዴ ነው፣ ቀትር ላይ ዓይን ይወጋል፣ ጸሐይ ስትገባ ቀለሙን ምን ብዬ እንደምጠራው ቸግሮኝ ሬዲዮን ጠየቅኳት፤ እሷም ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም አለች ስልዎት! ዋኝተው ሲወጡ ጨዉ ቆዳ ላይ ይደርቅና ክንድዎን ሲልሱት ይጣፍጣል። አይሳቁ፣ ሁሉም ይልሳል።

ባለፈው ሳምንት ቦርሳችንን አዝለን ፏፏቴ ልናይ ወደ ተራራው ወጣን። ያን ሁሉ ሰው የሚሄድበት መንገድ እያለ ሬዲዮ "አቋራጭ አለ" አለች። ማን እንደነገራት አይጠይቁኝ፤ ያ ሾፌር ይሆናል። ጭቃ እስከ ጉልበት ዋጠን። አልቅት እግሯ ላይ ተጣበቀባትና ተራራው እስኪያስተጋባ ጮኸች። እኔም ተናድጄ "ሁለተኛ ካንቺ ጋር አንድ እርምጃ አልሄድም!" አልኳት። "የት ትሄጃለሽ ታዲያ?" አለችኝ። ዞር ዞር ብዬ ባይ ጫካ ነው፣ የምሄድበት የለም። ተያይተን ሳቅ ገደለን። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ከነልብሳችን ገባን። እትዬ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ወዲያው እርስዎ ትዝ ይሉኛል፣ ሆድ ይብሰኛል።

ስለዚህ ልዳፈርዎት። የባንዱ ኮት ባይኖር የሙሽራ ቀሚስ ይኖር ነበር፤ እሱ ባይኖር የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ሥራ አልቆብዎት አያውቅም። ባሕሩን ማየት አይፈልጉም ወይስ ሌላ ነገር አለ? እውነቱን ይንገሩኝ፤ እኔ ልጅዎ ነኝ።

ትኬቱ እንዳያልፍ።
የእህትዎ ልጅ

የካቲት ፳፮ ቀን

ለቁልፌ፤

ሰላም ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ።

የጻፍሽውን አነበብኩ። ሌላ ነገር የለም። ሥራ ነው። የማርሽ ባንዱ፣ ትከሻ ላይ ያለው ቁልፍ ይቀየር ብሎ የሰፋሁትን ቀዳዳ ሁሉ እንደገና ልጀምረው ነው። እጅ አጣሁ። እኔ ሱቅ ዘግቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ይሄ በር ተዘግቶ ያየው ሰው ሞታለች ብሎ ነው የሚያስበው። ትኬቱ ሳያልፍ ለሌላ ሰው የሚዛወር ከሆነ ጠይቂ፤ ለአንዱ ወጣት ይሁን። እኔን አትጠብቂ፣ ደሴት ካለ ደሴቱንም እዪ።

ሰዓት ሠሪው ሰላም ብሎሻል። ጨዉን መላስሽ ግን ደስ አላለኝም።
አክስትሽ

መጋቢት ፱ ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ፤ የቀረውን ምርቃት በአፌ እነግርዎታለሁ፤ ልመጣ ነው።

እንዳይቆጡ። ደብዳቤዎን አንብቤ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍኩዎት፣ ምን ልደብቅዎት። በማግስቱ ሬዲዮ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ አየችና "ምን ያስኮርፍሻል? 'እጅ አጣሁ' ነው የሚሉት። እጅ ያለሽ አንቺ አይደለሽ እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው! እርስዎ የቁልፍ ቀዳዳ የሚያምኑት ለእኔ ብቻ ከሆነ፣ ቀዳዳውን መጥቼ እጨርሰዋለሁ። እርስዎ ደግሞ እኔ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ተነስተው ወደ መርከቡ። ሱቁም አይዘጋ፣ ሰውም ሞቱ አይበል። ሰበብ የለዎትም!

የምሳፈረው መጋቢት አሥራ ሰባት በሚነሳው ነው። ሬዲዮ እዚሁ ቆይታ እርስዎን ትቀበላለች፤ የዋና ልብስ ከየት እንደምታገኝልዎት ካሁኑ እየተጨነቀች ነው። ባለ ማረፊያዋም ከባሕሩ ትይዩ ያለውን ክፍል ልትለቅልዎት ነው። እኔ አብሬዎት አለማየቴ ይቆጨኛል፤ ግን ከነጭራሹ ሳያዩት ከሚቀሩ ይሻለኛል።

በሩን ስከፍት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ይሄን ቀድሜ የምልከው። ቀዳዳዎቹን አስቀምጠውልኝ ይቆዩኝ።
የእህትዎ ልጅ

መጋቢት ፲፩ ቀን

ለቁልፌ፤

ይሄን ስታነቢ ተቀምጠሽ ይሁን። ቆመሽ ከሆነ የሚደገፉት ነገር ያዢ።

መጥቻለሁ። ማለቴ፣ ልመጣ ነው። በዚህ ሳምንት በባቡር ወደ ወደቡ፣ ከዚያ በመርከብ።

እንዴት ሆነ ትያለሽ። ያ ባለ ጥሩምባ ሰውዬ ኮቱን ሊለካ መጣ። ክንዱን አንስቼ ስሰካለት "ልጅቷ የት ሄደች?" አለኝ። "ባሕር" አልኩት። ከዚያ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ አፌ ተከፈተ። ማዶ እንደሌለው፣ ድምፁ እንደ ስፌት መኪና እንደሚሮጥና ቀጥ እንደሚል፣ ጨዉ ክንድ ላይ ደርቆ ሲልሱት እንደሚጣፍጥ፣ ምንም አልቀረኝም። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ሰማኝና "እርስዎ መቼ ነው የሄዱት?" አለኝ። "ድሮ" አልኩት። አየሽ? "ድሮ!" ይሄን ያህል ትልቅ ሴት ቆሜ ዋሸሁ! ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። ሰውዬው እስኪወጣ ጠብቆ "ድሮ?" ብሎኝ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ፊቴን የት ላድርገው? ቀኑን ሙሉ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። ከዚያ በቃ፣ ያልኩትን እውነት አደርገዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

የቁልፉን ነገር አታስቢ። ሰዓት ሠሪው "እስቲ አንዱን ልሞክር" ብሎ ያንን ዓይኑ ላይ የሚሰካውን ማጉያ ሰክቶ ተቀመጠ። አይክፋሽና ካንቺ ይበልጣል። ኮቶቹን ሁሉ ወደ እሱ ሱቅ አዛወርኳቸው። ሰዓቱን ትቶ ቁልፍ ላይ ነው የሚውለው፤ ደንበኞቹ ሰዓታቸው ቆሞባቸው ይጮሁበታል፣ እሱ አይሰማም።

ወደቡ ላይ ጠብቂኝ። ያ ሬዲዮ ባርኔጣ እንዳደረገች ልያት።
አክስትሽ

ሚያዝያ ፩ ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣ ባሉበት፤

ጤናዎ፣ ደስታዎ፣ የባሕሩም አየር እንዴት ነው? እኔ ከሱቅዎ ነው የምጽፈው። ከእርስዎ ወንበር ላይ!

ምን ዓይነት ሰዎች ነን ግን እኛ? ከባቡር ወርጄ እየሮጥኩ መጣሁ። በሩ ተቆልፏል። እኔ ዘንድ በነበረው የበር ቁልፍ ከፈትኩና በበሩ ስር የተጣለ ፖስታ አነሳሁ። የራሴ ጽሑፍ ነው። "እንዳይደነግጡ" ያልኩበት ደብዳቤ! ከዚያ የደነገጠው ማን እንደሆነ ይገምቱ። ሰዓት ሠሪው ማጉያው ዓይናቸው ላይ እንዳለ መጥተው አዩኝና "ወይ ጉድ፣ አንቺ እዚህ ነሽ? ታዲያ እሳቸውን ማን ሊቀበላቸው?" አሉ። ጮህኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ሁለታችንም መሳቅ ጀመርንና ማቆም አቃተን። ባሕሩ መሐል ላይ አንድ መርከብ አልፎን ነበር እኮ። ማንን እንደሆነ ሳላውቅ እጄን አውለበለብኩ። እርስዎ ነበሩ!

ለቁልፍ ቀዳዳ ነበር የመጣሁት፤ አንድ እንኳ አልቀረልኝም። ሰዓት ሠሪው ሁሉንም ሰፍተው ጨርሰዋል። በማጉያ አየሁት፣ እውነት ለመናገር ይበልጡኛል። ኮቶቹን ትናንት አስረከብን፤ ባለ ጥሩምባው ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና ሳይተነፍስ ወጣ።

መጀመሪያ ልመለስ አስቤ ነበር፤ ግን ከገባሁ ጀምሮ በሩ አላረፈም፣ ሰዉም የመጣው ለልብስ አይደለም። አስተማሪዋ "እትዬ አሉ?" አለች፤ ምን ፈልገሽ ነው ስላት "ምንም፣ ላያቸው ነው።" ጋዜጣ ሻጩ ገብቶ ባዶውን ወንበር አየና ተመልሶ ወጣ። ፎቅ ላይ ያሉት ሽማግሌ በቀን ሁለቴ ይመጣሉ፤ ያ ሁሌ የሚያሳጥፉት ሱሪያቸው ሰበብ ነው ለካ። ማንም ሞቱ አላለም። ሁሉም "መቼ ይመጣሉ?" ነው የሚለው። እኔ ባሕር ዳር ተቀምጬ ሳስብዎት ብቻዎን መኪና ላይ ያጎነበሱ ነበር የሚመስለኝ። ይሄን ሁሉ ሰው አላወቅኩትም ነበር።

ስለዚህ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ። ይቆዩ። ሬዲዮ አቋራጭ አለ ካለችዎት ግን አይስሟት።
የእህትዎ ልጅ

ሚያዝያ ፲፬ ቀን

ለቁልፌ፤

እጅሽ አይዛል፣ ወንበሬ ይመችሽ። ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ።

መርከብ አለፈን ያልሽው፣ እኔ አላየሁትም። ባልዲ ታቅፌ ስመልስ ነበር። እጅ ያውለበለብሽልኝ እንዲህ ሆኜ ነው። ወደቡ ላይ ሬዲዮ ብቻዋን ቆማ አየኋትና ክው አልኩ፤ አንድ ነገር ሆነሻል ብዬ። እሷ ደግሞ ደብዳቤዬ ገና አልደረሳትም፤ አንቺ ደርሰሽ የላክሽኝ መስሏት፣ እኔን ልትቀበል ነው መርከብ በገባ ቁጥር የምትወጣው። "ቁልፍ እንዴት ናት?" አለችኝ። "እኔን ትጠይቂኛለሽ? የት አደረግሻት?" አልኳት። ተጯጯህን፣ ፖሊስ መጣ። ነገሩ ሲገባን መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ፖሊሱም ሳቀ፣ ለምን እንደሆነ እንጃለት።

አሁን እኔና ሬዲዮ አብረን ነን። ትተሽው የሄድሽውን ቦርሳሽን እኔ አዝላለሁ፤ ማንጠልጠያውን አሳጥሬዋለሁ። በአውቶቡስ ሁለት ከተማ አየን። በጀልባም ሄድን፣ አልመለሰኝም። ወጣቶቹ ስፌት የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር፤ የጠየቁኝ ካርታ እንድጫወት ነው። አሸነፍኳቸው።

ባሕሩን መጀመሪያ ቀን አልገባሁበትም። በሁለተኛውም አልገባሁም። በሦስተኛው ሬዲዮ እጄን ይዛ እስከ ጉልበቴ አስገባችኝ። እንደቆምኩ አለቀስኩ። "አመመዎት?" ትላለች። አላመመኝም። የልቤን ልንገርሽ፣ ጠይቀሽኝ ዋሽቼሻለሁና። የቁልፍ ቀዳዳ አልነበረም የያዘኝ። ሱቄን ብዘጋ አንድም ሰው "የት ሄደች?" ሳይል ቢቀርስ ብዬ ነው። ከመኪናው ላይ ካልተገኘሁ የሚፈልገኝ የለም ብዬ። ያንን እንዳላውቀው ብዬ ሳልዘጋ ኖርኩ። ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት አሸዋው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሽማግሌው በቀን ሁለቴ? አስተማሪዋ "ላያቸው ነው" አለች? ያን ጊዜ ተነስቼ ማንም ሳይዘኝ እስከ ደረቴ ገባሁ። ክንዴንም ላስኩት። ይጣፍጣል።

እንግዲህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እኔን ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ "የሉም" በይው። "የት ሄዱ?" ይልሻል። "ሊዝናኑ" በይ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ መንገደኛውም ይስማ። እስከዛሬ ስለ እኔ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። "መቼ ይመለሳሉ?" ካሉሽ ደግሞ "እሳቸውም አያውቁም" በያቸው።

አክስትሽ